ባስልኤል ሠራ፤ ሙሴም አየ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አንድ ሰው መዝሙር ደርሶ፣ ግጥም ጽፎ፣ ሥዕል ሥሎ ወይም ለበዓል የሚታይ ድራማ አዘጋጅቶ ብዕሩን ካስቀመጠ በኋላ የሚመጣበት አንድ ጥያቄ አለ። «ይህ የሠራሁት ነገር ዋጋ አለውን?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በመካከላችን ስንቱ በዚህ ጥያቄ ምክንያት ከአገልግሎት እንደ ቀረ፣ ስንቱም በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ከሚገባው በላይ እንደ ታበየ የምናውቀው ነው። መዝሙሩ ለበዓል ስላልተመረጠለት ወደ መዘምራን ክፍል መምጣት የተወ አለ። አንድ ጊዜ ስለ ተጨበጨበለት ከዚያ ወዲህ እርማት የሚባል ነገር የማይሰማ አለ። ደብተሩን ሞልቶ ለማንም ሳያሳይ በሣጥን የቆለፈም አለ። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይበዛል ብዬ እገምታለሁ፤ ሣጥኑን የሚከፍት የለምና መቁጠር አይቻልም።

በመጀመሪያ አንድ ጥርጥር ከመንገዳችን እናስወግድ። «ክርስቲያን የገዛ ሥራውን ሊመዝን ይገባዋልን? ሥራዬ መልካም ነው ቢል ትዕቢት፣ መጥፎ ነው ቢል ተስፋ መቁረጥ አይሆንበትምን? ዝም ብሎ ሠርቶ ቢተወው አይሻልምን?» የሚሉ አሉ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ እያንዳንዱ የገዛ ሥራውን እንዲፈትን፣ የሚመካበትንም ከባልንጀራው ጋር በመተያየት ሳይሆን በራሱ ሥራ እንዲፈልግ ይነግራቸዋል (ገላ. 6፥4)። እንግዲህ ሥራን መመርመር የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የታዘዘ ነው።

ይኸው ሐዋርያ ደግሞ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በራሱ ላይ እንኳ እንደማይፈርድ፣ የሚፈርድበት ጌታ እንደ ሆነ ይናገራል (1ኛ ቆሮ. 4፥3-4)። ሁለቱ ቃሎች ይጋጫሉን? አይጋጩም። በገላትያ መልእክት እንዲፈተን የተባለው ሥራው ነው፤ በቆሮንቶስ መልእክት ፍርዱ ለጌታ የተተወው ሰውዬው ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን እንገለብጠዋለን። ሥራውን ሳንፈትን ሰውዬውን እንፈርድበታለን። «ሦስተኛው አዝማች ከዜማው ጋር አልገጠመም» ሲባል «አንተ ከንቱ ነህ» እንደ ተባልን እንሰማለን። «መዝሙሩ ያማረ ነው» ሲባልም «አንተ ቅዱስ ነህ» እንደ ተባልን እንሰማለን። የተነገረው ግን ስለ አዝማቹና ስለ መዝሙሩ ነበር። ይህን ልዩነት የያዘ ወጣት ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ምክንያቱም ሥራውን ከራሱ ለይቶ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጠውና ሊያየው ይችላል።

አሁን ወደ ኦሪት ዘፀአት እንሂድ። እስራኤል በሲና ተራራ ሥር ሳሉ በወርቅ ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ሠርተዋል። አንዱ የወርቁ ጥጃ ነው። ሁለተኛው የመገናኛው ድንኳን ከነንዋያቱ ነው። ሁለቱን ታሪኮች ለየብቻ ስለምንማራቸው አንድ ነገር ያመልጠናል። ሠሪው ሕዝብ አንድ ነው፤ ወርቁም የአንድ ሕዝብ ወርቅ ነው። ለጥጃው ከሚስቶቻቸው፣ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆቻቸው ጆሮ ጉትቻ ተሰበሰበ (ዘፀ. 32፥2-3)። ለድንኳኑም ጉትቻና ቀለበት፣ ማርዳና ድሪ አመጡ (ዘፀ. 35፥22)። በሁለቱም ጊዜ ሕዝቡ አልሰሰተም። እንዲያውም ለድንኳኑ ያመጡት ከሚያስፈልገው በላይ ስለ ሆነ ሙሴ ከዚህ በላይ እንዳያመጡ በሰፈሩ ውስጥ አሳወጀ (ዘፀ. 36፥5-7)። በእጅ ጥበብ በኩልም ጥጃው የተበላሸ ሥራ ነበር የሚል ቃል አናገኝም፤ አሮን በመቅረጫ እንደ ቀረጸው ተጽፏል።

እንግዲህ ያው ሕዝብ፣ ያው ወርቅ፣ ያው ትጋት ከሆነ ሁለቱ ሥራዎች በምን ተለያዩ? በደስታው ብዛት ነው እንዳንል ደስታው የበዛው ለጥጃው ነበር። ሙሴና ኢያሱ ከተራራው ሲወርዱ ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ኢያሱ የጦርነት ጩኸት መሰለው። ሙሴ ግን የዘፈን ድምፅ እንደ ሆነ ለየው (ዘፀ. 32፥17-18)። ያ ሁሉ ዘፈንና ዘለላ ለአንድ ጥጃ ነበር። ድንኳኑ ባለቀ ቀን ግን ተጽፎ የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። ሕዝቡ ድንኳኑን ከነዕቃው ወደ ሙሴ አመጡት፤ ሙሴም ሥራውን ሁሉ አየ፤ እግዚአብሔር እንዳዘዘ አድርገው እንደ ሠሩት አገኘ፤ ባረካቸውም (ዘፀ. 39፥33-43)። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ሙሴ ከመባረኩ በፊት አየ። ያየውም በተራራው ላይ ከተነገረው ትእዛዝ ጋር እያስተያየ ነው። «ደከሙ፣ ተጉ፣ ልጆች ናቸው፣ እንባርካቸው» አላለም።

ጭብጨባና እልልታ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ንጉሡ ዳዊትም በታቦቱ ፊት ዘሏል። ነገር ግን ጭብጨባ የሚነግረን ሰው ደስ እንዳለው ብቻ ነው፤ በምን ደስ እንዳለው አይነግረንም። በልደት በዓል ድራማ ላይ የሄሮድስ ጢም ተገንጥሎ ወደቀ እንበል። ሕዝቡ ይስቃል፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይሞላል። ደራሲው ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ «ድርሰቴ ተወደደልኝ» ቢል የተወደደው ጢሙ ነው።

ስለ መዝሙርም እንዲሁ ነው። አንድ መዝሙር በከበሮና በእልልታ ታጅቦ ሲቀርብ ከበሮው ብዙ ድካሙን ይሸፍንለታል። ስለዚህ መዝሙር የደረሰ ሰው ከበሮውን አስቁሞ፣ ዜማውንም ትቶ፣ ቃሉን ብቻ እንደ ደብዳቤ ቀስ ብሎ ያንብበው። ያን ጊዜ ምን ይላል? ለማን ይላል? የበዓሉን ምሥጢር ይነግራልን ወይስ ለሁሉም በዓል ሊዘመር የሚችል አጠቃላይ ነገር ነው? የጥምቀት መዝሙር ተብሎ «ጥምቀት» የሚለው ቃል ወጥቶ «ትንሣኤ» ቢገባበት ምንም የማይጎድለው ከሆነ፣ ደራሲው ገና ወደ ዮርዳኖስ አልወረደም።

አሁን ወደ አሮን እንመለስ፤ ለነገራችን ዋናው እዚህ ላይ ነው። ሙሴ በጠየቀው ጊዜ አሮን የመለሰው መልስ የሚያስደንቅ ነው። ወርቁን ወደ እሳት እንደ ጣለው፣ ጥጃውም እንደ ወጣ ተናገረ (ዘፀ. 32፥24)። መቅረጫውን አላነሣም። በእርሱ አነጋገር የሠራው እሳቱ ነው። አሮን ካህን ነውና ስለ እርሱ ስንናገር በአክብሮት ነው፤ ሙሴም ስለ እርሱ ማልዶለታል። ነገር ግን ይህ መልስ በሲና በረሓ አልቀረም። በእኛም ዘንድ በየሳምንቱ ይሰማል። «እኔ አስቤ አይደለም የጻፍኩት፤ ሌሊት ዝም ብሎ መጣልኝ።» «እንዳለ ነው የወረደልኝ፤ አንዲት ቃል መንካት አልችልም።» ሲባል የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ?

እግዚአብሔር ለሰው ሐሳብ አይሰጥም የሚል የለም። ነገር ግን «መጣልኝ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለምስጋና ሳይሆን ለመከላከያ ነው። ከሰማይ የወረደን ነገር ማን ደፍሮ ያርማል? እንዲህ ያለው ሰው ሥራው ቢመሰገን ምስጋናው ለራሱ ነው፤ ቢነቀፍ ግን ነቀፋው ወደ መንፈስ ቅዱስ እንዲሄድ አድርጎ በሩን ዘግቶታል። ይህ በጣም አደገኛ ነገር ነው።

ስለዚህ ባስልኤልን እንመልከት። የኡሪ ልጅ፣ ከይሁዳ ነገድ የሆነው ባስልኤል፣ በወርቅና በብር፣ በናስም፣ በዕንቍና በእንጨት ሥራ እንዲጠበብ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት እግዚአብሔር ራሱ የመሰከረለት ሰው ነው (ዘፀ. 31፥2-5)። «መጣልኝ» ለማለት መብት ያለው ሰው ቢኖር እርሱ ነበር። የእርሱን ሥራ የሚናገሩትን ምዕራፎች ግን ክፈቱና አንብቡ፤ በልኬት የተሞሉ ናቸው። ታቦቱ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ቁመቱ አንድ ክንድ ተኩል ነው (ዘፀ. 37፥1)። መጋረጆቹ 10 ናቸው፤ እያንዳንዱ ርዝመቱ 28 ክንድ፣ ወርዱ 4 ክንድ፣ ሁሉም በአንድ ልክ (ዘፀ. 36፥8-9)። ቀለበቱ፣ እግሩ፣ መወርወሪያው ሁሉ ተቆጥሯል። እነዚህን ምዕራፎች ብዙዎቻችን በንባብ ጊዜ እንዘልላቸዋለን፤ አሰልቺ ይመስሉናል። እኔ ግን ጥበብን ለሚወድ ወጣት ከእነርሱ የሚሻል ምዕራፍ ጥቂት ነው እላለሁ። በመንፈስ የተሞላው ሰው መለካትን አልተወም። ለክቶ የሠራውንም ሌላ ሰው እንዲያየው ወደ ሙሴ አመጡት።

ሌላም ነገር አለ። እግዚአብሔር ለባስልኤልና ከዳን ነገድ ለሆነው ለኤልያብ ሌሎችን ማስተማርን በልባቸው እንዳኖረ ተጽፏል (ዘፀ. 35፥34)። ዝም ብሎ የወጣ ነገር ለሌላ ሊተላለፍ አይችልም። አሮን ጥጃው እንዴት እንደ ወጣ ለማን ያስተምራል? ስለዚህ የገዛ ሥራችሁን ለመመርመር አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ከእናንተ በታች ያለውን የሕፃናት ክፍል ተማሪ አጠገባችሁ አስቀምጡና ይህን ቃል ትታችሁ ያን ቃል ለምን እንደ መረጣችሁ ንገሩት። ልትነግሩት የቻላችሁበት ቦታ ላይ ሠርታችኋል። «እንዲሁ ነው» ብላችሁ ያለፋችሁበት ቦታ ላይ እንደ ገና ተመልሳችሁ እዩ።

ይህ ሥርዓት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤቶቻችንን አስቡ። በዋሸራም ይሁን በጎንጅ ወይም በዋድላ የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው ብቻውን ነው። ከጎጆው ወጥቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ፣ ከራሱ ጋር እየተነጋገረ ቃል ይጥላል፣ ቃል ያነሣል። ይህ ድካም የራሱ ነው፤ ማንም አይረዳውም። ነገር ግን የቆጠረውን እዚያው ወንዝ ዳር አይተወውም። ተመልሶ በመምህሩ ፊት ይነግራል። የኔታም ይሰማሉ። ዜማው ከልኩ ጎደለ ወይስ ሞላ? ቤቱ ገጠመ? አገባቡ ተስማማ? ታሪኩ ከመጽሐፍ ጋር ይሄዳል? ምሥጢሩስ አለ ወይስ የቃል ጋጋታ ብቻ ነው? ጉድለት ካለበት ያርሙታል፤ አንዳንዴም እንዳለ ያፈርሱታል፤ ተማሪውም ሄዶ እንደ ገና ይቆጥራል። ቅኔው የሠመረ እንደ ሆነ «ይበል!» ይባላል። ይህች «ይበል» የምትባል ቃል ውድ ናት፤ ውድነቷም በየደቂቃው ስለማትባል ነው። እኛ በየክፍሎቻችን ለቀረበው ሁሉ እኩል በማጨብጨባችን ለጓደኞቻችን ፍቅር ያሳየን ይመስለናል፤ እውነቱ ግን «ይበል»ን ከእጃቸው ነጥቀናቸዋል።

የቅኔ ሰዎች ሰምና ወርቅ የሚሉትም ነገር ለምርመራችን ይረዳናል። ወርቅ አንጥረኛ አስቀድሞ በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታውም ወርቁ ይፈስሳል። በቅኔም ላይ ላዩን የሚሰማው ሰሙ ነው፤ ውስጡ ያለው ወርቁ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም የእያንዳንዱ ሥራ በእሳት እንደሚፈተን፣ ወርቅና ብር የከበረም ድንጋይ በአንድ ወገን፣ እንጨትና ሣር አገዳም በሌላ ወገን እንደሚታይ ይናገራል (1ኛ ቆሮ. 3፥12-13)። ያ እሳት የጌታ ቀን ነው፤ ያን ቀን እኛ አናመጣውም። ነገር ግን በእጃችን ያለች ትንሽ እሳት አለች፤ እርስዋም ጊዜ ናት። የጻፋችሁትን ሁለት ሳምንት አስቀምጡትና ሌላ ሰው እንደ ጻፈው አድርጋችሁ አንብቡት። በጻፋችሁበት ሌሊት ያስለቀሳችሁ ስንኝ በ15ኛው ቀን ቀልጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። ቸኩላችሁ የጻፋችኋት፣ ያልገመታችኋት አንዲት ስንኝ ግን በቦታዋ ቆማ ትጠብቃችሁ ይሆናል።

ለዚህ መጽሔት የሚላኩ ግጥሞችን ለምሳሌ እናንሣ። በብዙዎቹ ላይ «ምሕረትህ» ከ«ቸርነትህ»፣ «ቸርነትህ» ከ«ፍቅርህ»፣ «ፍቅርህ» ከ«ደግነትህ» ጋር ቤት ይመታሉ። ሁሉም በ«ህ» ስለሚያልቁ ነው። በዚህ ዓይነት ቤት የሚመታው ሰዋስው ነው እንጂ ደራሲው አይደለም። ደግሞም የወል ቤት ግጥም እያንዳንዱ ስንኝ በሁለት 6 ቀለም ተከፍሎ 12 ቀለም መሆን ሲገባው፣ በአንዱ ስንኝ 11፣ በሌላው 14 ሆኖ ይገኛል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በጣት መቁጠር ይበቃል። ሥዕል የምትሥሉም፣ ሥዕላችሁ ያምር እንደ ሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ለቤተ ክርስቲያን የተሣለ መሆኑን አስቡ። አባቶቻችን ሠዓልያን ጻድቃንን ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው ሁለት ዐይናቸው እንዲታይ፣ ኃጥአንን ግን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዐይን ይሥሏቸው ነበር። ያልተማረው ምእመን ሥዕሉን እንዲያነብበው ነው። ጥላው የሠመረ፣ ቀለሙ የተዋጣ ሥዕል ሆኖ ባልቴቷ ማን ጻድቅ ማን ኃጥእ እንደ ሆነ መለየት ካቃታት፣ ሥዕሉ ሌላ ቦታ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ግድግዳ ላይ ግን ሥራውን አልሠራም።

ስለ ቅዱስ ያሬድ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ይህ አባት በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሳለ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው እንዳላወቁት ይተረካል። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ታሪክ ወደ ራሳቸው ይስቡታል፤ «እኔም ስዘምር ራሴን እረሳለሁ፤ እንግዲህ መዝሙሬ መልካም ነው» ይላሉ። ራስን መርሳት የጸሎት ጸጋ ሊሆን ይችላል፤ የመዝሙሩ መመዘኛ ግን አይደለም። በጥጃው ፊት የዘፈኑትም ራሳቸውን ረስተው ነበር። ቤተ ክርስቲያን የያሬድን ዜማ የያዘችው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተለይቶ፣ ለየበዓሉና ለየወቅቱ ተመድቦ፣ ለጾሙ የጾም፣ ለደስታው የደስታ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። ዛሬም ድጓ የተማረ ሰው ልቤ ሞቀልኝ ብሎ መምህር አይሆንም፤ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። የያሬድን የራሱን ዜማ የሚያዜም ሰው እንኳ በሌላ ጆሮ መሰማት ካስፈለገው፣ እኛ ትናንት የደረስነው መዝሙር ለምን አይሰማ?

አሁን ሥራው ላልተመረጠለት ወንድም፣ ለተመለሰባት እኅት እንናገር። ተቀባይነት ማጣት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቅዱስ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ያሳየናል።

አንደኛው የቃየን ነው። መሥዋዕቱ አልተመለከተለትም፤ ፊቱም ጠቆረ። እግዚአብሔር ግን በዚያች ሰዓት አልተወውም፤ ለምን እንደ ተቈጣ ጠየቀው፤ መልካም ቢያደርግ ፊቱ እንደሚበራ አስታወቀው (ዘፍ. 4፥5-7)። በሩ ክፍት ነበር። ሄዶ ሌላ መሥዋዕት ማምጣት ይችል ነበር። ቃየን ግን የራሱን መሥዋዕት ከመመርመር ይልቅ የወንድሙን መሥዋዕት ተመለከተ፤ ከዚያም ወንድሙን። ጳውሎስ ሰው ሥራውን ከባልንጀራው ጋር እንዳያስተያይ ያዘዘው ያለ ነገር አይደለም። «የእገሌ መዝሙር የተመረጠው ዘመድ ስላለው ነው» የሚለው ወሬ ምናልባት አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሰው ነንና አድልዎ አይጠፋም። እውነት ቢሆንም ግን ስለ እናንተ መዝሙር አንዲት ነገር አይነግራችሁም። ያ ግፍ ለብቻው ለሚመለከታቸው ይነገር፤ መዝሙሩ ደግሞ ለብቻው ይመርመር።

ሁለተኛው የኤርምያስ ነው። ኤርምያስ ተናገረ፤ ባሮክ በክርታሱ ላይ ጻፈ። ክርታሱ በክረምት ቤት ለተቀመጠው ለንጉሡ ለኢዮአቄም ሲነበብለት፣ ሦስትና አራት ዓምድ በተነበበ ቍጥር ንጉሡ በካራ እየቀደደ ሁሉንም በእሳት አቃጠለው (ኤር. 36፥22-23)። አንድ ጸሐፊ ከዚህ የከፋ ምን ያገኛል? ነገር ግን ንጉሡ የቀደደው ጽሑፉ መጥፎ ስለ ሆነ አይደለም፤ እውነት ስለ ሆነ ነው። ኤርምያስና ባሮክ ምን አደረጉ? ሌላ ክርታስ ወሰዱ፤ የመጀመሪያውን ቃል ሁሉ ጻፉ፤ ሌላም ብዙ ቃል ተጨመረበት (ኤር. 36፥32)። ሁለተኛው ክርታስ ከመጀመሪያው ረዘመ።

ሥራችሁ የተመለሰው እንደ ቃየን ነው ወይስ እንደ ኤርምያስ? ሁላችንም በመጀመሪያው ቀን «እንደ ኤርምያስ ነው» ማለታችን አይቀርም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አትወስኑ። ማን እንደ መለሰው፣ ምን ብሎ እንደ መለሰው አስቡ። የመለሰው ሰው ዜማ የሚያውቅ፣ ለአገልግሎቱ የሚቆረቆር፣ ቦታውንም ጠቅሶ የነገራችሁ ከሆነ ዕዳ ከፍሎላችኋልና አመስግኑት። ሳያነብብ የመለሰው ከሆነ ሌላ የሚያነብብ ሰው ፈልጉ። በሁለቱም መንገድ የሚቀጥለው ሥራ አንድ ነው፤ ሌላ ክርታስ መውሰድ።

በሣጥን ለቆለፋችሁትም እንዲሁ። መክሊቱን በመሬት የቀበረው ባሪያ (ማቴ. 25፥25) አልሰረቀም፤ አልጠጣም፤ ፈራ እንጂ። ብዙዎቻችሁ «የእኔ ትንሽ ነው» ትላላችሁ። ትንሽ ከሆነ ትንሽነቱ ጉድለት አይደለም። ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፤ መወድስ ስምንት ነው። የቅኔ መምህራን ጉባኤ ቃናውን ስምንት ስንኝ ስላልሆነ አይነቅፉትም፤ ሁለቱ ስንኞች ሞልተው እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። አራት መስመር ጽፋችሁ አራቱም ከቆሙ አራት መስመር አምጡ። ሃያ ለማድረስ አሥራ ስድስት የምትጨምሩ ከሆነ አራቱን ትቀብሯቸዋላችሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባስልኤል ከሠራቸው ሁሉ የከበረው የቱ ነው? የስርየት መክደኛው ይመስለኛል። ከጥሩ ወርቅ ነው፤ ሁለቱ ኪሩቤል ከእርሱ ጋር በአንድ ወጥተው፣ ክንፎቻቸውን ዘርግተው፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ (ዘፀ. 37፥6-9)። እንዲህ ያለውን ሥራ የሠራ ሰው ሕዝቡ ሁሉ እንዲያየው ቢመኝ አይፈረድበትም። ሙሴ ካየው በኋላ ግን ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ገባ፤ መጋረጃ ተጋረደበት። በዓመት አንድ ቀን አንድ ሰው ብቻ ይገባ ነበር፤ እርሱም ሲገባ የዕጣኑ ጢስ መክደኛውን ይሸፍነው ነበር (ዘሌ. 16፥13)። ሕዝቡ ከሰፈር ሲነሣ እንኳ ካህናቱ አስቀድመው ይሸፍኑት ነበር፤ የሚሸከሙት ሌዋውያንም አያዩትም (ዘኍ. 4፥5-6፤ 4፥20)። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ታቦት በልብስ ተሸፍኖ በካህናት ራስ ላይ ይወጣል፤ የቀራጩን እጅ ምእመን አያየውም። ባስልኤል ያንን ክንፍ ሲቀጠቅጥ፣ ላባውን አንድ በአንድ ሲያወጣ፣ ሥራው ወዴት እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ልኩንም ከአንዲት ክንድ ተኩል አላጎደለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።